የታሪክ ሮማንስና ኢ-ልቦለድ እያቀያየሩ ማንበብ፦ ሊስት ከማውጣት እስከ መጨረስ

"ምን ላንብብ?" ብሎ ሊስት ሚጠይቅ ሰው ሞልቷል፣ ሊስቱን ይዞ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ የደረሰ ግን ብዙም አላየሁም። ሚሰናከሉበት ቦታ ደግሞ ሁሌም አንድ አይነት ነው። አንዱ በሞራል ተነስቶ 600 ገጽ የታሪክ መጽሐፍ ይጀምርና ምዕራፍ ሁለት ላይ የሚኒስትሮች ስም ሲደራረብበት ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ሮማንሱን (ድሮ ዘመን ውስጥ ሚካሄድ የፍቅር ልቦለድ) በላይ በላዩ አምስት ስድስት ይጨርስና አንዱ ዱክ (የእንግሊዝ ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ከሌላው ዱክ ይምታታበታል፣ ከዛ ማንበብ ራሱ አስጠላኝ ይላል። እዚህ ያለው አሰራር ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር ነው፦ ሮማንሱ ጥያቄ ያስነሳል፣ ኢ-ልቦለዱ (ፈጠራ ያልሆነው መጽሐፍ) ይመልሳል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፣ በተለይ ደረጃ 4ን፣ እሱን የዘለለ ሰው ነው ቆይቶ መጥቶ "አልሰራልኝም" ሚለኝ።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደብተር ወይ ስልካችሁ ላይ አንድ ኖት ክፈቱ። አንድ ብቻ። ለንባብ ተብሎ የተሰራ አፕ ማውረድ፣ በቀለም የተከፋፈለ ሰንጠረዥ መስራት ምናምን ውስጥ አትግቡ፣ እሱ ራሱ ሳምንት ይበላና መጽሐፉ ሳይጀመር ጉጉቱ ያልቃል።

ኖቱ ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፉ። 1፣ 3፣ 5 እና 7 ሮማንስ፣ 2፣ 4 እና 6 ኢ-ልቦለድ፣ 8ኛው ክፍት። የመጽሐፍ ስም ገና እንዳትሞሉ! ሰው ሁሉ ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ስምንቱንም በአንድ ማታ ይሞላዋል፣ ከዛ ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ማውረድ ያቅታል። እኛ ምንሞላው አንድ ስንጨርስ አንድ እያልን ነው።

ደረጃ 1፦ ፍጥነታችሁን ለኩ

ስልካችሁ ላይ ሰዓት ይዛችሁ ከአንድ ልቦለድ 10 ገጽ አንብቡ፣ ደቂቃውን ጻፉ። በሌላ ቀን ከኢ-ልቦለድ 10 ገጽ እንደዛው። ሁለቱ እኩል አይመጡም፣ አትደንግጡ። በእንግሊዝኛ በተሰሩ ጥናቶች አማካዩ አንባቢ ልቦለድ በደቂቃ 260 ቃል፣ ኢ-ልቦለድ 238 ቃል ገደማ ነው ሚያነበው፣ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ከዚህም መውረዱ ያለ ነው።

ከዛ ሂሳቡን ስሩ። 10 ገጽ በ25 ደቂቃ ከሆነ 320 ገጽ ሮማንስ 800 ደቂቃ ይወስዳል፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ብታነቡ 27 ቀን ማለት ነው። ኢ-ልቦለዱ 10 ገጽ በ35 ደቂቃ ከሆነ 300 ገጹ 35 ቀን። አራቱ ሮማንስና ሦስቱ ኢ-ልቦለድ ብቻ ሰባት ወር ገደማ ወሰዱ ማለት ነው፣ "ዘንድሮ 50 መጽሐፍ" ምትሉትን ነገር እዚህ ላይ ተዉት።

ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ መጽሐፍ ቀንሱ እንጂ የቀኑን ደቂቃ አታብዙ። በቀን ሁለት ሰዓት ብሎ የጀመረ ሰው አራተኛው ቀን ላይ ያቆማል።

ደረጃ 2፦ አንድ ዘመን ምረጡ

አንድ ዘመን፣ አንድ ቦታ። ዛሬ የቱዶር ቤተ መንግሥት (እንግሊዝ፣ በ1500ዎቹ) ነገ የአሜሪካ ምዕራብ እያላችሁ ከዘለላችሁ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ማዕረጉን፣ ገንዘቡን፣ ልብሱን ከዜሮ መማር ይሆናል። አንድ ዘመን ላይ ከቆያችሁ ግን ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሁሉም ነገር ቤታችሁ ይመስላል።

– ሪጀንሲ፣ እንግሊዝ፣ 1811–1820። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ታመው ልጃቸው እንደራሴ ሆኖ ያስተዳደረበት ነው። ዘጠኝ ዓመት ብቻ ናት ግን የሮማንስ ብዛቷ ጉድ ነው።
– ቪክቶሪያ፣ እንግሊዝ፣ 1837–1901። ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችበት ነው። ባቡር፣ ፋብሪካ፣ ጋዜጣ፣ የሴቶች መብት ክርክር። ኢ-ልቦለዱ አያልቅም።
– የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ 1861–1865። ደብዳቤና ማስታወሻ ለሚወድ ሰው።
– ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ 1939–1945። ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ዘመን ላይ "የፍቅር ታሪክ" ተብሎ ሚሸጠው ብዙው ሮማንስ አይደለም፣ መጨረሻው ያስለቅሳል።

መምረጥ ካቃታችሁ ሪጀንሲን ያዙ፣ ከሁለቱም ወገን መጽሐፍ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያውን ሮማንስ ምረጡ

መጀመሪያ ስሙን አጥሩ። ሮማንስ ሚባለው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው፦ ፍቅሩ የታሪኩ አከርካሪ መሆን አለበት፣ መጨረሻው ደግሞ ለጥንዶቹ ያማረ መሆን አለበት። ጦርነቱ ዋና ሆኖ ፍቅሩ ጎን ለጎን ሚሄድ ከሆነ ታሪካዊ ልቦለድ ነው፣ ጥሩ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ምክንያቱም ከባዱን ኢ-ልቦለድ ከጨረሳችሁ በኋላ ምታርፉበት ነገር ያስፈልጋችኋል። የጀርባ ሽፋኑን አንብቡ፣ "ልብ ሰባሪ" ምናምን ካለ አስቀምጡት።

ሲሪስ ከሆነ ከ1ኛው ጀምሩ። የታሪክ ሮማንስ ሲሪስ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ወይ የጓደኛሞች ስብስብ ነው፣ በየመጽሐፉ አንዱ ይዳራል። "ለብቻው ይነበባል" ይላሉ፣ እውነት ነው ይነበባል፣ ግን 4ኛውን ስትከፍቱ ትልቁ ወንድም ማንን እንዳገባ ገጽ አምስት ላይ ይነግራችኋል፣ በቃ 1ኛው ተበላሸ። ቅደም ተከተሉን መጽሐፉ መግቢያ ላይ "በዚሁ ደራሲ" ከሚለው ዝርዝር እዩ። የታሪኩ ጊዜና የታተመበት ጊዜ ከተለያየ የታተመበትን ተከተሉ።

የታተመበትን ዓመት እዩ። በ1970ዎቹና 80ዎቹ የወጡ ብዙ የታሪክ ሮማንሶች ውስጥ ወንዱ ሴቷን አስገድዶ በኋላ "ፍቅር" ሚሆንበት ነገር አለ። ይሄን ሳያውቁ ገብተው ዘውጉን በሙሉ የጠሉ ሰዎች አውቃለሁ። የአልጋው ትዕይንትም እንደዛው ነው፣ በር ዘግቶ ሚያልፍ አለ፣ በዝርዝር ሚጽፍ አለ፣ ቀድማችሁ ከሪቪው ላይ አጣሩ፣ በተለይ ለእናታችሁ ወይ ለታናሽ እህታችሁ ምትሰጡት ከሆነ። (በዚህ የደረሰብኝን ሀፍረት አልናገርም።)

ከዛ ሳምፕሉን ከፍታችሁ በዕቃ ፈትኑት። ይሄ የኔ ተወዳጅ ፈተና ነው፣ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሪጀንሲ ላይ ከሆናችሁ፦

– ሰውየው በ1815 ክብሪት ጭሮ ሻማ ካበራ ስህተት ነው፣ ተጭሮ ሚበራ ክብሪት ለገበያ የወጣው 1827 ነው።
– በባቡር ከከተማ ከተማ ከሄዱ ስህተት ነው፣ የሊቨርፑልና ማንችስተር መስመር የተከፈተው 1830 ነው።
– የፍቅረኛዋን ፎቶ ደረቷ ላይ ከደበቀች ስህተት ነው፣ ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው 1839 ነው። በእጅ የተሳለች ትንሽ ምስል ከሆነች ልክ ነው።
– ደብዳቤው ላይ ቴምብር ካለ ስህተት ነው፣ 1840።
– ዱኩን አሽከሩ "ማይ ሎርድ" ካለው ስህተት ነው፣ ዱክ "ዩር ግሬስ" ነው ሚባለው። "ሰር" ደግሞ ከራስ ስም ጋር ነው ሚሄደው፣ ሰር ጆን ይባላል እንጂ በቤተሰብ ስም ብቻ አይጠራም።

አንድ ስህተት መጽሐፍ አይጥልም፣ ደራሲም ሰው ነው። ሳምፕሉ ውስጥ ሦስት ካገኛችሁ ግን ለመዝናናት ከሆነ አንብቡት እንጂ የዚህ ሊስት ቁጥር 1 አታድርጉት፣ ጥያቄ ስትለቅሙበት ውሸት ትለቅማላችሁ።

የመጨረሻ ምልክት፦ ከኋላ የደራሲው ማስታወሻ አለው? ምኑ እውነት ምኑ ፈጠራ እንደሆነ በሁለት ገጽ ሚያስረዳ ደራሲ የቤት ሥራውን ሰርቷል። መኖሩን ብቻ አይታችሁ ዝጉት፣ ታሪኩን ስለሚያፈርጥ አሁን አታንብቡት።

ደረጃ 4፦ እያነበባችሁ ጥያቄ ልቀሙ

ሮማንሱን ስታነቡ "ይሄ ደሞ ለምንድነው?" ያስባላችሁን ነገር በአንድ መስመር ኖቱ ላይ ጻፉ፣ ከገጹ ቁጥር ጋር። ከአምስት አይብለጥ። ቆንጆ አባባል መገልበጥ የለም፣ ምዕራፍ ማሳጠር የለም። ጥያቄ ብቻ።

ምን አይነት ጥያቄ? ለምሳሌ ጥንዶቹ ለምን ሌሊት ወደ ስኮትላንድ ይጠፋሉ? በ1753 የወጣው የእንግሊዝ የጋብቻ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው ወላጅ ሳይፈቅድ በጋብቻ ፈቃድ ወረቀት (ላይሰንስ) እንዳያገባ ከለከለ፣ ሕጉ ስኮትላንድን አይመለከትም ነበር፣ ግሬትና ግሪን ደግሞ ድንበሩን ስትሻገሩ ወዲያው ምትገኝ መንደር ናት። ከሎንዶን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈረስ ሠረገላ፣ አባትየው ከኋላ እያሳደደ! ወይ ባሏ እንዲህ ሲያሰቃያት ለምን አትፈታውም? እስከ 1857ቱ ሕግ ድረስ እንደገና ለማግባት ሚያስችል ሙሉ ፍቺ ሚገኘው ፓርላማው ለዚያ ትዳር ብቻ ተብሎ ሕግ ሲያወጣ ነበር። ወይ ደብዳቤው ለምን አግድም ተጽፎ እንደገና በላዩ ላይ ቁልቁል ተጻፈበት? ከ1840 በፊት ሂሳቡን ሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ነበር፣ ያውም በርቀትና በወረቀቱ ብዛት፣ ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ማጨቅ ነበረባቸው።

አሁን እኔ መልሱን ነግሬ አበላሸሁባችሁ፣ እናንተ ግን ይሄን ስህተት አትድገሙ። ጥያቄው እንደመጣ ጎግል አታድርጉ! ይሄ የሙሉ መመሪያው ዋና ማስጠንቀቂያ ነው። በአሥር ሰከንድ የተመለሰ ጥያቄ 300 ገጽ አያስነብብም። ማሳከኩን ይዛችሁ ቆዩ።

ጥያቄ ካልመጣላችሁ ገንዘቡን ተከተሉ። ይሄ ዱክ ይሄን ሁሉ ቤትና ፈረስ ሚያስተዳድረው ከምን አግኝቶ ነው? ብዙ ሮማንስ ይሄን በዝምታ ነው ሚያልፈው። ከመሬት ኪራይ ሌላ የካሪቢያን የስኳር እርሻ አለ፣ እርሻው ላይ ደግሞ በባርነት የተያዙ ሰዎች አሉ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 ባርነትን በሕግ ሲያስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የመደበው ለባለቤቶቹ ነው፣ ባሪያ ለነበሩት ሰዎች ምንም። ከዚህ ከአንዱ ጥያቄ ብቻ ሦስት ኢ-ልቦለድ ይወጣል። በነገራችን ላይ በሪጀንሲ ጊዜ ከንጉሣውያን ቤተሰብ ውጪ የነበሩት ዱኮች 30 እንኳን አይሞሉም ነበር፣ አብዛኞቹም ወጣት፣ ቆንጆና ያላገቡ አልነበሩም፣ ልቦለዱ ውስጥ ግን በየመንገዱ ነው ሚገኙት።

ደረጃ 5፦ ኢ-ልቦለዱን ከጥያቄው ተነስታችሁ ፈልጉ

ከአምስቱ ጥያቄ ኮከብ ምታደርጉት አንዱን ነው። ፍለጋ ላይ የዘመኑን ስም ብቻ አትጻፉ፣ "የሪጀንሲ ታሪክ" ካላችሁ 500 ገጽ ፖለቲካ ነው ሚመጣው። የጉዳዩን ስም ጻፉ፦ ጋብቻ፣ ፖስታ፣ አሽከሮች፣ ስኳር፣ ጨርቅ፣ ቁማር። ቤተ መጻሕፍት ምትሄዱ ከሆነና በዲዊ ቁጥር (መጻሕፍትን በጉዳያቸው ሚከፋፍል ቁጥር ነው) የተደረደረ ከሆነ ልብስና ጌጥ 391፣ የቤተሰብና የጋብቻ ልማድ 392፣ ሥነ ምግባርና አቀራረብ 395፣ ፖስታ 383፣ የሕይወት ታሪክ 920፣ የብሪታንያ ታሪክ 941 እና 942 ላይ ፈልጉ። መደርደሪያው ጋ ቆማችሁ ጎረቤቶቹንም እዩ፣ ብዙ ጊዜ ሚሻለው ከጎኑ ያለው ነው።

መጽሐፉን ስታገኙ ወዲያው አትውሰዱት፣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹት፦

ሀ. ከኋላ ያለውን የቃላት ጠቋሚ ክፈቱ። የጥያቄያችሁን ቃል ፈልጉ። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ከተጠቀሰ መጽሐፉ የናንተ አይደለም። "45–61" አይነት ከሆነ ልክ ናችሁ። ጠቋሚ ጭራሽ ከሌለው ተጠራጠሩ።

ለ. ማስታወሻዎቹንና ዋቢ መጻሕፍቱን እዩ። ከ200 ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎች መኝታ ቤት ውስጥ የተነጋገሩትን ቃል በቃል እየጻፈ ከየት እንዳመጣው ካልጠቀሰ ልቦለድ ነው፣ ሽፋኑ ምንም ይበል። "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" ሚለው ጽሑፍም ኢ-ልቦለድ አያደርገውም።

ሐ. መሃል ላይ ከፍታችሁ ሁለት ገጽ አንብቡ። የመጀመሪያውን ገጽ አይደለም፣ እሱን ሁሉም ደራሲ አሳምሮ ነው ሚጽፈው። መሃሉ ካደከማችሁ ሌላ ፈልጉ።

መ. እውነተኛውን ገጽ ቁጠሩ። 450 ገጽ ሆኖ ከኋላ 100ው ማስታወሻና ጠቋሚ ከሆነ ምታነቡት 350 ነው። ብዙ ሰው በውፍረቱ ፈርቶ ሚሸሸው መጽሐፍ ሲቆጠር ከሮማንሱ ብዙም አይበልጥም።

ሁለት ወጥመድ ደግሞ አለ። አንድ መጽሐፍ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ስም፣ አሜሪካ ውስጥ በሌላ ስም ሊወጣ ይችላል፣ እኔ ሁለቱንም ገዝቼ ነው ያወቅኩት። የመብት ገጹ (አሳታሚውና የታተመበት ዓመት ሚጻፍበት ገጽ) ላይ "ቀድሞ በዚህ ስም ታትሞ ነበር" ሚል መስመር ፈልጉ። አይኤስቢኤኑን (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) ብቻ አይታችሁ "የተለየ ነው" አትበሉ፣ በየእትሙና በየቅርጹ ቁጥሩ ይለያያል፣ ከ2007 ወዲህ ደግሞ ከ10 አሃዝ ወደ 13 ስለተቀየረ ያው መጽሐፍ ሁለት ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው ወጥመድ አጥሮ የተዘጋጀ እትም ነው፣ በተለይ ኦዲዮ ላይ፣ ሽፋኑ ላይ በትንሹ ይጻፋል።

በነፃ ምትፈልጉ የመብት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን ከ1971 ጀምሮ ሚያሰባስበው ፕሮጀክት ጉተንበርግ አለ፣ በድምፅ ከሆነ ሊብሪቮክስ አለ፣ አንባቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ጥራቱ ይለያያል። እዛ ያሉትን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች ተጠቀሙባቸው፣ የድሮ ሰው የጻፈውን የታሪክ ትንታኔ ግን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት፣ የዘመኑ ንቀትም አብሮ ስለሚመጣ።

ደረጃ 6፦ አቀያይሩ

ሮማንሱን በጨረሳችሁ በሁለት ቀን ውስጥ ኢ-ልቦለዱን ክፈቱ። ከገጽ 1 አትጀምሩ፣ ኮከብ ያደረጋችሁበት ጥያቄ ያለበትን ምዕራፍ መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዛ ወደ መግቢያው ተመለሱ። ከሮማንሱ ኋላ ያለው የደራሲው ማስታወሻ ሚነበበው አሁን ነው፣ ሁለቱን ስታስተያዩ ሮማንሱ የት እንደዋሸ ታዩታላችሁ፣ ይሄ ደስ ይላል።

ሚቀጥለውን ሮማንስ ያ ምዕራፍ ሳያልቅ አትክፈቱ። ካለቀ በኋላ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፣ ኢ-ልቦለዱን ነቃ ባላችሁበት ሰዓት፣ ሮማንሱን ማታ። ሁለት ሮማንስ ወይ ሁለት ኢ-ልቦለድ በአንዴ ግን በፍጹም።

ኦዲዮ ከፈለጋችሁ ሮማንሱን አድምጡ፣ ካርታና የትውልድ ሐረግ የበዛበትን ኢ-ልቦለድ በዓይን አንብቡ። ተራኪ በደቂቃ 150 ቃል ገደማ ስለሚያነብ 90,000 ቃል ሚሆን ሮማንስ አሥር ሰዓት ነው።

ደረጃ 7፦ 8ኛው መስመር

ይሄኛው ከዘመኑ መውጫ ነው። ከሰባቱ ውስጥ መልስ ያላገኘውን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ሌላ አገር ወይ ሌላ ምዕተ ዓመት ሂዱ። ስለ ስኳር ያነበበ ሰው ስኳር እርሻ ላይ በባርነት የተያዙ ሰዎች ወደተነሱበት የሄይቲ አብዮት፣ 1791–1804 ይሻገር። ሮማንስ ይሁን ኢ-ልቦለድ የናንተ ጉዳይ ነው።

ሲበላሽ

ገጽ 50 ላይ ከተሰላቻችሁ፦ ሮማንስ ከሆነ ያለ ጸጸት ዝጉት፣ በሌላ ተኩት። ኢ-ልቦለድ ከሆነ የጥያቄያችሁን ምዕራፍ ብቻ ጨርሱና "ተነበበ" በሉት። አዎ ይቆጠራል።

ስም ከተምታታባችሁ፦ አንድ ሰው የራሱ ስም፣ የቤተሰብ ስምና የማዕረግ ስም አለው፣ ሦስቱም ሲቀያየሩ ነው ግራ ሚያጋባው። ኖቱ ላይ አንድ መስመር ለአንድ ሰው ስጡ፣ ሦስቱንም ስም ጎን ለጎን ጻፉ።

ኢ-ልቦለዱ ሮማንሱን ካስጠላችሁ፦ ይሄ ያጋጥማል፣ በተለይ ከስኳሩ ጥያቄ በኋላ ዱክ ማየት ያስጠላል። ሚቀጥለውን ሮማንስ ባለማዕረግ ከሌለበት ምረጡ፣ ዋና ገጸ ባሕርይዋ አሽከር፣ ልብስ ሰፊ፣ ወይ አታሚ የሆነችበት አለ።

ከሁለት ሳምንት በላይ ካቆማችሁ፦ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፣ የደረሳችሁበትን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እንደገና አንብቡ። ከሁለት ወር በላይ ከሆነ መጽሐፉን ተዉትና የጻፋችሁትን ጥያቄ አንብቡ፣ አሁንም ካሳከካችሁ ከደረጃ 5 ጀምሩ፣ ካላሳከካችሁ መስመሩን ሰርዙና ወደ ሚቀጥለው ሮማንስ እለፉ።